«እርጅና ነው» እያልን የምናልፈው ሕመም



በዚህ ወር የቤተሰብ ዓምዳችን ወደ ደቡብ ወሎ፣ ወደ ሐይቅና አምባሰል ይወስዳችኋል። የምናወጋችሁ ስለ አንዲት እናት ነው። ስም አንሰጣቸውም፤ የአንድ ቤት ሰው ሳይሆኑ ከብዙ ቤቶች ታሪክ ያዋቀርናቸው ምሳሌ ናቸውና። ሆኖም ከአንባብያን መካከል «ይህማ የእኔ እናት ታሪክ ነው» የሚል እንደማይጠፋ እንገምታለን።

እኚህ እናት ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗል። አንደኛው ልጃቸው ሳዑዲ ዐረቢያ ነው፤ ሴቷ ልጃቸው ደሴ ተድራለች። ቀድሞ የሱብሒ አዛን ሳይሰማ ተነሥተው ውዱእ የሚያደርጉ፣ ከሰገዱ በኋላ እሳት አያይዘው ጀበና የሚጥዱ፣ ጎረቤት የሚጠሩ ሰው ነበሩ። አሁን ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅተው እስኪነጋ ድረስ ጣራ ጣራውን ያያሉ። ቡና ሲፈላ አይቀርቡም። የቅሬ ጥሪ ሲመጣ «እኔን ተውኝ» ይላሉ። እህል አፋቸው ውስጥ እንጨት እንጨት ይላቸዋል፤ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ተብለው ሲጠየቁ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይጨንቀኛል፣ ወገቤን ይቆረጥመኛል» ይላሉ እንጂ «አዝኛለሁ» አይሉም።

ልጆቻቸው ዝም ብለው አልተቀመጡም። ለጨጓራ አሳክመዋቸዋል፤ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ወስደዋል፤ ለወገባቸውም ማስታገሻ ተሰጥቷቸዋል። ሁሉም አልሆን ሲል ዘመድ ተሰብስቦ የደረሰበት ፍርድ «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል?» የሚል ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ፍርድ ነው። እርጅና ፀጉር ያሸብታል፣ ጉልበት ያደክማል እንጂ ሰውን ከቡናው፣ ከጎረቤቱና ከልጅ ልጁ አይለይም። እንዲህ የሚያደርገው ሕመም ነው። ሕመሙም ስም አለው፤ መድኃኒትም አለው።

ሐዘን ወይስ ሕመም?

ሕመሙ በተለምዶ ድብርት ወይም የመንፈስ ጭንቀት ይባላል፤ በቅርብ ዓመታት ባለሙያዎች «ድባቴ» የሚለውን ቃል ይጠቀማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ዓለም ወደ 280 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚህ ሕመም እንደሚሠቃይ ገምቷል። ስለዚህ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሕዝብ ብቻ ችግር አይደለም።

ሐዘንና ድባቴ የሚለዩበት መንገድ አለ። ሐዘን እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል። ያዘነ ሰው የልጅ ልጁ ሲመጣ ፈገግ ይላል፤ የሟቹ ደግ ሥራ ሲነሣ ያወራል። ድባቴ ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በአብዛኛው ቀን፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ ሰውየውን አይለቀውም። ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ደስ አይለውም፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይዛባሉ፤ ሰውነት ይዝላል፤ ሐሳብ መሰብሰብ ያቅታል፤ «ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ» የሚል የጥፋተኝነት ስሜት ያድራል። ከዚህም ሲብስ ሞትን መመኘት ይከተላል። በመሆኑም የቅርብ ሰው የሞተበት ሁሉ መድኃኒት ይዋጥ አይባልም። ሐዘኑ ወደ ሕመም ሲለወጥ ግን ዝም አይባልም።

በአረጋውያን ላይ ደግሞ ሕመሙ መልኩን ይለውጣል። ብዙዎቹ «ከፋኝ» ከማለት ይልቅ የራስ ምታትን፣ ማቃጠልን፣ የሆድ ሕመምንና ቁርጥማትን ይናገራሉ። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምናን ከጤና ጣቢያዎች ሥራ ጋር ለማዋሐድ በተደረገው ጥረት ከታዩት ችግሮች አንዱ፣ ለሌላ ሕመም መጥተው ድባቴ ያለባቸውን ሰዎች ባለሙያዎቹ ለይተው አለማወቃቸው ነበር። በሽተኛው የሚናገረው ስለ ሰውነቱ ስለሆነ ሐኪሙም የሚያየው ሰውነቱን ብቻ ይሆናል።

ሌላው አሳሳች ምልክት መርሳት ነው። ድባቴ ያለበት ሽማግሌ አእምሮው የደከመ ስለሚመስል ቤተሰቡ «ጃጁ» ብሎ ይተዋቸዋል። ድባቴ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ «አእምሮዬ ጠፋ» ብሎ ራሱ ያማርራል፤ በመርሳት በሽታ የተያዘውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስተውለው ቤተሰቡ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሊገኙም ስለሚችሉ መለየቱ የባለሙያ ሥራ ነው። ከመድኃኒት በፊትም የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የስኳርና የደም ግፊት ሁኔታ ሊመረመር ይገባል፤ እነዚህም ሰውን ሊያደክሙና ሊያስደብሩ ይችላሉና። የጆሮና የዓይን መድከምም መዘንጋት የለበትም። ጨዋታ የማይሰማ ሰው ከጨዋታ መራቁ አይቀርምና።

የሐይቅና አምባሰል አረጋውያን ምን አይተዋል?

ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚያው መንገድ ወደፊት ሲኬድ በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ስሟ የሚታወቀው የአምባሰሏ ውጫሌ ትገኛለች።

በዚህ አገር ዛሬ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጊዜ ወጣት ነበር። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሲመጣ ልጆች አፍርቶ ነበር፤ ስንቱ በዚያ ዘመን ልጁን ቀበረ፣ ስንቱስ ቀዬውን ለቆ ተሰደደ! ከዚያም የዐረብ አገር ስደት መጣ። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ ከወሎ የሄዱ ብዙዎች ነበሩባቸው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ደሴን፣ ሐይቅንና ውጫሌን አዳረሰ። ሕዝብ ተፈናቀለ፤ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ የዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ በሽተኞችም መድኃኒታቸው ተቋረጠ።

ይህን ሁሉ ያሳለፈ ሁሉ ይታመማል ማለታችን አይደለም። አብዛኛው በሶብር፣ በዱዓና በጎረቤት ፍቅር ተሻግሮታል። ይሁን እንጂ ሸክሙ ከባድ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አንድ እናት በሰባ ዓመታቸው ሲወድቁ «ምን ጎደላቸው?» ብሎ አይፈርድም።

የኢማን መድከም ነውን?

ብዙ አረጋውያን ሕመማቸውን የሚደብቁት «ኢማኗ ቢደክም ነው» እንዳይባሉ ነው። ነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ ማዘናቸውን ቁርአን ነግሮናል። ኸዲጃና አቡ ጣሊብ የሞቱበት ዓመትም በሲራ መጻሕፍት «የሐዘን ዓመት» ተብሎ ይታወቃል። ነቢያት ያዘኑትን ሐዘን በአንዲት አሮጊት ላይ እንደ ነውር የሚቆጥር ማን ነው?

ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ሰዎች እንዲታከሙ መምከራቸውን፣ አላህ ለበሽታ ሁሉ ፈውስ ማድረጉን፣ ከዚህ ውጭ የሆነው ግን እርጅና ብቻ መሆኑን የሚያስረዳ ሐዲስ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። እንግዲህ እዚህ ላይ እናስተውል። መድኃኒት የሌለው እርጅና ከሆነ፣ በሽታን «እርጅና ነው» ብሎ መሰየም መድኃኒት ያለውን ነገር መድኃኒት ከሌለው ጋር መቀላቀል ነው። እናታችንን ከሕክምና ያስቀረናቸው በአንዲት ቃል ስሕተት ነው ማለት ነው።

የቀድሞ ሊቃውንትም ይህን ለይተው ያውቁ ነበር። በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረውና እ.ኤ.አ. በ934 የሞተው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ሐዘንን በሁለት ከፍሎታል። አንደኛው እንደ ዘመድ ሞት ያለ የታወቀ ምክንያት ያለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ምክንያቱ የማይታወቅና ከሰውነት የሚመነጭ ነው። ለመጀመሪያው ምክርና ማጽናኛን፣ ለሁለተኛው ደግሞ የሰውነት ሕክምናን ያዝዛል። ይህ የተጻፈው ከሺህ ዓመት በፊት ነው።

ዱዓና ቁርአን ልብን ያሳርፋሉ። ሆኖም ለደም ግፊት ኪኒን የሚውጥ ሰው ዱዓውን አልተወም። ለድባቴ መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ ነው።

መድኃኒቶቹ

የዛሬዎቹ የድባቴ መድኃኒቶች ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የተሰጠ አንድ መድኃኒት የበሽተኞቹን መንፈስ ሲያነቃቃ ታየ። በ1957 ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ድባቴን እንደሚያሽል አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ተሠርቷል። በአገራችን በስፋት የሚታወቁት ሁለት ናቸው፤ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሴቲን።

አሚትሪፕቲሊን አሮጌው ነው። ማታ ይዋጣል፤ እንቅልፍ ያመጣል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። በአረጋዊ ሰውነት ላይ ግን ጣጣ አለው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ሽንት ይይዛል። ከመኝታ ድንገት ሲነሡም ራስ ያዞራል፤ ሌሊት ለሽንት የተነሡ እናት ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ከድባቴው የባሰ መከራ ይመጣል። የልብ ሕመም፣ የፕሮስቴት እብጠት፣ ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ወይም የመርሳት በሽታ ላለበት አረጋዊ አይመረጥም። ከመጠን በላይ ከተዋጠም ልብን ሊያቆም ይችላል።

ፍሉኦክሴቲን ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ይወሰዳል። ለአረጋውያን ከሁለቱ ይህኛው ይመረጣል። ቢሆንም ነፃ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ፣ መቅበጥበጥና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ይችላል። እንደ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ካሉት ማስታገሻዎች ጋር ሲገናኝ የጨጓራ መድማትን ያባብሳል። ትራማዶል ከተባለው የሕመም ማስታገሻ ጋርም አደገኛ ነው። በተለይ ለደም ግፊት የሚያሸና ኪኒን የሚወስዱ አረጋውያን በደማቸው ውስጥ ያለው ጨው ሊወርድ ይችላል። መድኃኒት በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰውየው ድንገት ቢደክም፣ ቢቀባጥር ወይም ቢደናገር «ድባቴው ባሰ» ሳይባል በፍጥነት ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

እዚህ ላይ ዳያዚፓምን ማንሣት ግድ ይለናል። እንቅልፍ ያስተኛልና ብዙ ሰው እንደ ድባቴ መድኃኒት ይቆጥረዋል። አይደለም። ሲቆይ ያስለምዳል፤ አረጋውያንን ይጥላል፣ ያደነዝዛል። አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሴቲን ግን ሱስ አያስይዙም።

በአረጋዊ ላይ የሕክምናው ደንብ «በትንሹ ጀምር፣ ቀስ ብለህ ጨምር» የሚል ነው። ኩላሊትና ጉበት ስለሚደክሙ ለጎልማሳ የሚሰጠው መጠን ለሽማግሌ ይበዛል። ለምሳሌ ያህል ፍሉኦክሴቲን በቀን በ10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ወደ 20 ሊያድግ ይችላል። ይህን የምንጽፈው ለግንዛቤ እንጂ ማንም ለራሱ እንዲያዝ አይደለም። በሽተኛው ቀደም ሲል ያለ ልክ የመፈንጠዝ፣ ሳይተኙ የመዋልና የማደር ጊዜ ከነበረው ለሐኪሙ መነገር አለበት፤ የመድኃኒቱ ዓይነት ይለወጣልና።

ሁለቱ ፈተናዎች

ከመድኃኒቱ ምርጫ ይልቅ ብዙ ሕክምና የሚበላሸው በሁለት ጊዜያት ነው።

የመጀመሪያው ጅማሬው ላይ ነው። የራስ ምታት ኪኒን በሰዓት ውስጥ ይሠራል፤ የድባቴ መድኃኒት ግን እንደዚያ አይደለም። ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በአረጋውያን ላይ ከዚህም ሊዘገይ ይችላል። የጎን ጣጣው ደግሞ ቀድሞ ይመጣል። እናታችን በ10ኛው ቀን «አፌ ደረቀ፣ አቅለሸለሸኝ እንጂ ምንም አልጠቀመኝ» ብለው ቢተዉት አይፈረድባቸውም። ይህን አስቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ግን ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚስተካከሉት እንቅልፍና ምግብ ናቸው፤ የልብ ደስታ ዘግይቶ ይመለሳል።

ሁለተኛው ፈተና የሚመጣው ሲሻላቸው ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ፤ ለምን እውጣለሁ?» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መድኃኒቱ እንዲቀጥል ይመክራል። ቀድሞ ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል። ሲቆምም በሐኪም ምክር፣ ቀስ በቀስ ነው እንጂ በአንድ ቀን አይደለም።

ረመዷን ሲመጣ

ይህን ጉዳይ ለብቻው ያነሣነው ብዙዎች በረመዷን መድኃኒታቸውን በድብቅ ስለሚተዉ ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ለጾም አያስቸግርም፤ ፍሉኦክሴቲን በሱሑር፣ አሚትሪፕቲሊን ከኢፍጣር በኋላ በመኝታ ሰዓት ሊወሰድ ይችላል። ወሩ ሳይገባ ሐኪም ቢጠየቅ ሰዓቱን ያስተካክላል። አቅሙ ለማይፈቅድ በሽተኛና ሽማግሌ ደግሞ ሸሪዓው ራሱ ፈቅዷል፤ የመዳን ተስፋ ያለው ሲድን ይከፍላል፣ ጾም የማይቻለው አረጋዊም በየቀኑ ምትክ ሚስኪን ያበላል። አላህ በሰጠው ምሕረት መጠቀም አያሳፍርም።

ጫትንም ሳናነሣ አናልፍም። በዱዓው ላይ የሚቃም ቢሆንም እንቅልፍ ይነሣል፤ የደም ግፊት ይጨምራል። እንቅልፍ አጥቶ ለታመመ ሽማግሌ ይህ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። የሚቅም ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ ሊናገር ይገባል።

ሕክምናው የት ይገኛል?

አማኑኤል ሆስፒታል በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና በሙሉ ለማለት ይቻላል በእርሱ ላይ የወደቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ሲጀመር ሕክምናው ወደ ክፍለ ሀገር መውጣት ጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ1995 ዓ.ም. በአገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ። ለሐይቅና አምባሰል ሰው ቅርቡ የደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ይሁንና መነሻው ጤና ጣቢያው ሊሆን ይገባል፤ ከአምባሰል ተራራ ሥር በቃሬዛ ወርደው አስፋልት ለሚደርሱ አረጋዊ በየወሩ ደሴ መመላለስ ቀላል አይደለምና።

ወጪን በተመለከተ ተሁለደሬ የሚኮራበት ታሪክ አለው። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ሲጀመር በአገሪቱ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። የመድን አባል የሆነ ቤተሰብ ሲታከም በየጊዜው ከኪሱ አይከፍልም። መድኃኒቱ ከጤና ተቋሙ ሲጠፋ ግን ከግል ፋርማሲ መግዛት ይመጣል። ስለዚህ ኪኒኑ ሳያልቅ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሲቀር ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ልጆች ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ እናት ወይም አባት ሲታከሙ አብረን እንግባ። ስለ ቡናው፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ቅሬው ለሐኪሙ የምንነግረው እኛ ነን፤ እርሳቸው የሚናገሩት ስለ ወገባቸው ብቻ ነውና። በቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ፣ የግፊቱንም የማስታገሻውንም፣ በፌስታል ይዘን ሄደን እናሳይ።

ሁለተኛ፣ ኪኒኑን አንድ ሰው ይያዘው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይስጥ፤ ቀሪውን ያስቀምጥ።

ሦስተኛ፣ «ሞቴን ባመጣልኝ» የሚል ቃል ከአረጋዊ አፍ ሲወጣ እንደ ተራ ንግግር አንለፈው። «ራስዎን ለመጉዳት ያስባሉ?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልላል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ካለ ብቻቸውን አይተዉ፤ የተባይ ማጥፊያና ኪኒን ከእጃቸው ይራቅ፤ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይወሰዱ።

አራተኛ፣ መድኃኒት ብቻውን ቤት አይሞላም። ሐኪሙ ኪኒን ይሰጣል፤ ጎረቤት መጥቶ ቡና የሚጠጣውን ሐኪሙ አያዝዝልንም። በዐረብ አገር ያላችሁ ልጆች ከምትልኩት ገንዘብ ጋር ድምፃችሁንም ላኩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መድኃኒቱ ገና ሳይሠራ እናትን ይዞ የሚያቆየው ይኸው ነው።

ወደ ሐይቋ እናት እንመለስ። ሴት ልጃቸው ጤና ጣቢያ ይዛቸው ሄደች እንበል። መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ በ10ኛው ቀን ሊተዉት ፈለጉ፤ ልጃቸው ግን «እማዬ፣ እስከ ወር ታገሽልኝ» አለቻቸው። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ተኙ። በስድስተኛው ሳምንት ቡናው ሲቆላ «ሽታው ደስ ይላል» አሉ። አንድ ቀን ጠዋት ልጃቸው ስትነሣ ጀበናው ተጥዶ አገኘችው። ሁሉም ቤት እንዲህ በአንድ መድኃኒት አይቀናውም፤ መጠኑ የሚለወጥለት፣ መድኃኒቱ የሚቀየርለትም አለ። «እርጅና ነው» ባልን ቤት ግን ጀበናው ጨርሶ አይጣድም።

አላህ ለታመሙት አረጋውያን ወላጆቻችን ሺፋውን፣ ለእኛም የምናስታምምበትን ትዕግሥት ይስጠን። አሚን።